ልጅነት የማን ነው?

በማርች 1990 ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን በምትባል ከተማ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ቴኒስ ግጥሚያዋን ልታደርግ ሜዳ ገባች። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) 14 ዓመት ሊሞላት የቀራት ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነበር። ጄኒፈር ካፕሪያቲ ለገንዘብ አንዲት ኳስ እንኳ ሳትመታ የጣሊያኑ የጫማና የልብስ አምራች ዲያዶራና የራኬት አምራቹ ፕሪንስ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ውል አስፈርመዋት ነበር። ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የተባለው መጽሔትም በዚያው ወር ምስሏን በሽፋኑ ይዞ ወጣ። እሷም የተባለላትን አላሳፈረችም፤ በዚያ በመጀመሪያ ውድድሯ እስከ ፍጻሜ ደርሳ በአርጀንቲናዊቷ ጋብሪዬላ ሳባቲኒ ተሸነፈች።

ያን ሳምንት ሜዳውን ከቦ የተቀመጠው ሰው ምን ሊያይ ነው የመጣው? ጥሩ ቴኒስ ፈልጎ ከሆነ ሳባቲኒ ነበረችለት፤ ሌሎችም የበሰሉ ተጫዋቾች ነበሩለት። የሰዉ ዓይን ግን ልጅቷ ላይ ነበር፤ ልጅቷንም አልፎ፣ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ የምትሆነውን ሴት ይፈልግ ነበር። ኩባንያዎቹ የተዋዋሉት ከዚያች ገና ካልመጣችው ሴት ጋር ነው። ጋዜጠኛው የጻፈው ስለ እሷ ነው። ሜዳው ላይ የቆመችው ደግሞ ሌላ ነበረች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ኳስ የምትጠብቅ፣ ደስ ሲላት የምትስቅ አንድ ፍሬ ልጅ።

አርስቶትል በኒቆማኮስ ስም በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ልጅን የተሳካለት፣ የተባረከ ሰው ብሎ መጥራት እንደማይገባ ይናገራል። እሱ የሚለው መሳካት ሙሉ ምግባርና ሙሉ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ልጅ ሁለቱም የሉትም። ሰዎች ልጅን እንዲህ ብለው ቢያሞግሱት እንኳ፣ ይላል፣ የሚያሞግሱት ስለሚጠበቅበት ተስፋ ነው። ይህን ሐሳብ የአንድ ጥብቅ አስተማሪ ቃል ብቻ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ከካፕሪያቲ ታሪክ ጎን ሲነበብ ግን ስለ ልጅ ከሚናገረው ይልቅ ስለ እኛ ስለ አዋቂዎቹ የሚናገረው ይበልጣል። ጎበዝ ልጅ ስናይ አፋችን የሚያደንቀው ያየነውን ይመስላል፤ ልባችን ግን ያላየነውን እያሰላ ነው። «ይህች ልጅ ትልቅ ሰው ትሆናለች» የሚለው ምርቃት በእኛም አገር በየቤቱ ይሰማል፤ ከልብ የመጣም ምርቃት ነው። ያች ልጅ ግን ያን ምርቃት በሰማችበት ቀን ከተሰጣት ይልቅ የተጠየቀችው ሊበልጥ ይችላል።

ከአርስቶትል የምለየው በአንድ ነገር ነው። አዋቂዎች ስለ ልጅ እንዴት እንደሚናገሩ በትክክል አይቷል። ልጅ በእጁ ያለውን ነገር ግን አሳንሶታል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማሳየት የካፕሪያቲን የመጀመሪያ ዓመታት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በ1990 በፓሪስ፣ በፈረንሳይ ኦፕን፣ በ14 ዓመቷ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ ያሸነፈቻት ሞኒካ ሴሌስ ነበረች፣ እሷም ራሷ ገና 16 ዓመቷ። ዓመቱ ሳያልቅ በዓለም ምርጥ 10 ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ገባች። በ1991 ዊምብልደን ላይ ዘጠኝ ጊዜ የዚያ ሜዳ ሻምፒዮን የሆነችውን ማርቲና ናቭራቲሎቫን ሩብ ፍጻሜ ላይ አሰናበተች። 15 ዓመቷ ነበር። እነዚህን በፍጥነት አልፋቸዋለሁ፤ በየመዝገቡ የሚገኙ ናቸውና። ልቆይበት የምፈልገው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኒው ዮርክ ላይ የተደረገው የዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ነው።

ተጋጣሚዋ እንደገና ሴሌስ ነች፤ አሁን 17 ዓመቷ ነው። ሴሌስ በቀኝም በግራም ኳሱን በሁለት እጇ ትመታለች፤ በመታች ቁጥር ድምፅ ታወጣለች። ካፕሪያቲ ጫማዋን ሜዳው ላይ ተክላ፣ ትከሻዋን ዞር አድርጋ፣ ኳሱን ሽቅብ ሳታነሣ ጠፍጥፋ ትመልሳለች። ከዚያ በፊት በሴቶች ቴኒስ ብዙዎቹ ትዕግሥትን ይወዱ ነበር፤ ኳሱን እያመላለሱ ሌላዋ እስክትሳሳት መጠበቅን። እነዚህ ሁለት ልጆች ግን አንዳቸውም የሚጠብቁ አልነበሩም። ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ መስመሩን ይፈልጋሉ። ኳሱ መረቡን ዝቅ ብሎ እየታከከ ያልፋል፤ ተመልካቹ አንዱን ምት አይቶ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። የመጀመሪያውን ክፍል ሴሌስ 6-3 ወሰደች፤ ሁለተኛውን ካፕሪያቲ በዚያው ቁጥር መለሰች። በመጨረሻው ክፍል ሁለት ጊዜ ሰርቩ በካፕሪያቲ እጅ ሆኖ ጨዋታውን ለመዝጋት ተቃረበች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሴሌስ ነጠቀቻት። 6 ለ6 ሆነው ታይብሬክ ወደሚባለው የመለያ ጨዋታ ገቡ፤ ሴሌስ አሸነፈች።

የዚህን ጨዋታ ቅጂ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ለዚያ ሰዓት ያህል የ15 ዓመቷ ልጅ የማንም ተስፋ አልነበረችም። ወደፊት ስለሚመጣው ዋንጫ ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ ኳስ አልነበረም። የሚቀጥለው ምት ነበር፣ እሱም ሙሉ ነበር። አንድ ሰው ያለውን ሁሉ ይዞ በአንድ ሥራ ውስጥ ሲገባ ዕድሜው አይጠየቅም፤ ያ ሙላት በ15 ዓመትም በ50 ዓመትም ያው ሙላት ነው። አርስቶትል ለልጅ የነፈገው ይህ ይመስለኛል። ሙሉ ዕድሜ የሌለው ሰው ሙሉ ሰዓት ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለሚቀጥለው ነበር። ይህን ያህል ከተጠጋች መቼ ታሸንፋለች? በ1992 ወይስ በ1993?

በ1992 አሸነፈች። ቦታው ባርሴሎና ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ያ ኦሎምፒክ አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ምሽት ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን በመጨረሻው ዙር ጥላት ስትሄድ፣ ከዚያም ሁለቱ አንድ ላይ ሜዳውን ሲዞሩ። ደራርቱ 20 ዓመቷ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ፣ ቫል ዴብሮን በተባለው የቴኒስ ሜዳ፣ በቀይ አፈር ላይ፣ የ16 ዓመቷ ካፕሪያቲ የዓለምን ታላቅ ተጫዋች ሽቴፊ ግራፍን 3-6፣ 6-3፣ 6-4 አሸንፋ የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀች። ሁለቱ አትሌቶች አንድ መንደር ውስጥ አድረው ይሆናል፤ ያሳደጋቸው ነገር ግን በጣም የተለያየ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከአንድ ዓመት በኋላ በ1993 ዩኤስ ኦፕን ካፕሪያቲ በመጀመሪያው ግጥሚያ በጆርጂያዊቷ ሌይላ መስኪ ተሸንፋ ወጣች፤ ከዚያም ውድድሩን ተወችው። በዲሴምበር ከአንድ የገበያ ማዕከል ርካሽ ቀለበት ሳትከፍል ይዛ ወጥታለች ተብሎ ስሟ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። በሜይ 1994 ማሪዋና ይዛለች ተብላ ተያዘች፤ ፖሊስ ያነሣት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ገና 18 ዓመት ከሞላት ሁለት ወር አልሆናትም ነበር። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርጉ ልጆች በየከተማው አሉ፤ ቤተሰብ ይቆጣል፣ ጎረቤት ጥቂት ያማል፣ ዓመት ሲሞላው ይረሳል። እሷ ግን በዓለም ፊት ካደገች፣ በዓለም ፊት ሳታጠፋ ልትቀር አልቻለችም።

ይህን ታሪክ የሚተርኩት ሁሉ በአንድ መንገድ ይተርኩታል። ልጅቷ ቶሎ ወጣች፣ ወደቀች፣ ከዚያ ተመለሰች። መመለሷ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከተስፋው ሁሉ የበለጠ ነበር። በ1996 እንደገና መጫወት ጀመረች፣ ለዓመታትም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እየተሸነፈች ቆየች። በጃንዋሪ 2001 ሜልቦርን ላይ ሩብ ፍጻሜው ላይ ሴሌስን፣ ቀጥሎ ሊንዚ ዳቬንፖርትን፣ በፍጻሜው የዓለም ቁጥር አንዷን ማርቲና ሂንጊስን አሸንፋ ግራንድ ስላም ከሚባሉት ታላላቅ ውድድሮች የመጀመሪያ ዋንጫዋን አነሣች። በጁን ፓሪስ ላይ ኪም ክላይስተርስን 1-6፣ 6-4፣ 12-10 አሸነፈች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነች። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሜልቦርን ላይ እንደገና ከሂንጊስ ጋር ተገናኝታ አራት ጊዜ ልትሸነፍ አንድ አንድ ነጥብ ሲቀራት ተርፋ ዋንጫዋን አስጠበቀች።

ታሪኩ ሲጻፍ የ2001 ዋንጫ የ1994ን ፎቶግራፍ ይከፍላል፤ «ሁሉም ለበጎ ሆነ» ይባላል። እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ አተራረክ በመጀመሪያው ቀን ኩባንያዎቹ ካደረጉት የሚለይ አይመስለኝም። እነሱ ልጅቷን ወደፊት በምትሆነው ሴት መዘኗት፤ እኛም መለስ ብለን በሆነችው ሴት እንመዝናታለን። በሁለቱም ጊዜ የ14፣ የ15፣ የ17 ዓመቷ ልጅ የሌላ ሰው መንገድ ብቻ ሆና ትቀራለች።

ጀርመናዊው ፈላስፋና የነገረ መለኮት ሊቅ ፍሪድሪክ ሽላየርማኸር በ1826 በርሊን ውስጥ ስለ አስተዳደግ ሲያስተምር ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት አንሥቶታል። የሰውን ሕይወት አንዱን ጊዜ ለሌላው ጊዜ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መሠዋት ይፈቀዳል ወይ? ማስተማር ሁሉ ለነገ ነው፤ ልጁ ግን የሚኖረው ዛሬ ነው፤ ነገ የሚገኘውን ጥቅም ዛሬ አያየውም፣ አልመረጠውምም። ሽላየርማኸር ከዚህ አጣብቂኝ የሚወጣው ጨዋታንና ልምምድን በማገናኘት ነው። ለትንሽ ልጅ ልምምዱ ጨዋታው ውስጥ መኖር አለበት፣ ዛሬን እየሞላ ለነገም እንዲያዘጋጅ፤ ከጨዋታ የተለየ ልምምድ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ እሱም ልጁ ራሱ የነገን ነገር ፈልጎ በልምምዱ መደሰት ሲጀምር።

በዚህ ሚዛን ካየነው ጥያቄው «በ13 ዓመት ቴኒስ መጫወት ይገባል ወይ?» አይሆንም። ጄኒፈር ራኬት የያዘችው ገና በጨቅላነቷ ነው፤ ፎርት ላውደርዴል ውስጥ የታዋቂዋ ቴኒስ ተጫዋች የክሪስ ኤቨርት አባት ጂሚ ኤቨርት ቴኒስ አስተማራት፤ በ1989 ፓሪስም ኒው ዮርክም ላይ የወጣት ልጃገረዶችን ዋንጫ ወሰደች፤ ጨዋታውን እንደምትወደው ያያት ሁሉ መስክሯል። ጥያቄው ጨዋታው ዛሬዋን መሙላት ያቆመው መቼ ነው የሚለው ነው። ቀኑን ከውጭ ሆኖ መቁጠር አይቻልም። ምን እንደሚያስቆመው ግን ማወቅ ይቻላል። ኳሱን መሳት ኳሱን መሳት ብቻ መሆኑ ሲቀርና ውል፣ የትኬት ሽያጭ፣ የቴሌቪዥን ሰዓት፣ የሰዎች ደመወዝ ሲሆን ነው።

የመስከረምን እሸት ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ዛሬ የነገ መሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። እሸት ለሚበላው ሰው ያልደረሰ እህል አይደለም። የራሱ ጣዕም፣ የራሱ ወቅት አለው፤ ጎተራ የሞላ የደረቀ እህል ያን ጣዕም አይመልሰውም፤ እሸቱ መልካም ስለነበረም አዝመራው ይያዛል ማለት አይደለም። ገበሬ ሁለቱን አያምታታም። እኛ ግን ተሰጥዖ ያለው ልጅ ስናይ ወዲያው አውድማውን እናስባለን።

ደመወዝ ያልኩት ነገር ቤት ውስጥም ይገባል። አባቷ ስቴፋኖ የተወለደው ጣሊያን ነው፤ አሰልጣኟም አማካሪዋም፣ የሥራዋ ኃላፊም ሆኖ አብሯት ዞረ። ይወዳት እንደነበር እሷ ተናግራለች፤ እኔም ፍርድ ለመስጠት አይደለም የማነሣው። ግን በየትኛውም አገር ቢሆን፣ የልጅ ተሰጥዖ የቤተሰቡ እንጀራ ሲሆን አንድ ነገር ይገለበጣል። አባት የልጁ ሠራተኛ ይሆናል፣ ልጅ ደግሞ የአባቷ ቀጣሪ። «ዛሬ ደክሞኛል» የሚለው ቃል፣ ከማንኛውም ልጅ አፍ በቀላሉ የሚወጣው ቃል፣ እዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር የብዙ ሰው ዕቅድ ያናጋል። ልጅ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ስለዚህ አትለውም፤ ወይም ሌላ ዓይነት ቋንቋ ታገኝለታለች።

ከኢትዮጵያ ሯጮች ቤት ያደገ ሰው ይህን ባዳ አድርጎ አያየውም። ደራርቱ በቆጂ አካባቢ ከብት እየጠበቀች እንዳደገች ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ሥራ ነው፤ ቀላል ሥራም አይደለም። ስለዚህ «ልጅ መሥራት የለበትም» ብሎ ነገሩን መዝጋት ለእኛ አይሆንም፤ ገጠር የተወለደ ሰው ልጅነት ከሥራ የተለየ ሆኖ አያውቀውም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እረኛ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከቤት ይርቃል፤ መስኩ ላይ የሚያየው አዋቂ የለም። ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲዘፍን፣ ከጓደኛው ሲጣላ፣ አንዲት ጥጃ ሲጠፋበት ሲደነግጥና ሲያገኛት ሲስቅ ማንም ምልክት አይሰጠውም። ደራርቱ የዓለም ዓይን ሲያገኛት ብዙ ነገር በብቸኝነት ሞክራ፣ ተሳስታ፣ አርማ ጨርሳ ነበር። ከባርሴሎና በኋላም ጉዳት ይዟት ከውድድር ስትርቅ በየቀኑ ካሜራ አልተከተላትም፤ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ ሁለተኛ ወርቋን ስታገኝ ብዙ ሰው የት እንደነበረች እንኳ አልጠየቀም። ይህ ድህነት የሰጠው ጸጋ ነው ማለቴ አይደለም፤ እረኝነትን ማወደስ ከተማ ሆኖ ቀላል ነው። ማለት የምፈልገው ልጅ ከሚያስፈልገው ነገር አንዱ ሳይታይ መሳሳት መሆኑንና ይህን በገንዘብ መግዛት እጅግ ከባድ መሆኑን ነው።

የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ከካፕሪያቲ በኋላ ነገሩን በደንብ ለመፍታት ሞክሯል። በ1994 የሕክምናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን አቋቁሞ አጠና፤ ከ1995 ጀምሮ አዲስ የዕድሜ ደንብ ወጣ። ከ14 ዓመት በታች ያለች ልጅ በፕሮፌሽናል ውድድር አትገባም፤ ከ14 እስከ 17 በየዓመቱ የምትወዳደርበት ቁጥር የተወሰነ ሆኖ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ 18 ሲሞላት ገደቡ ይነሣል። ሰዎች በካፕሪያቲ ስም ይጠሩታል። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1994 መኸር፣ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች ቀድመው ገቡ፤ አንዷ ቪነስ ዊልያምስ፣ ሌላዋ ማርቲና ሂንጊስ። ቪነስ ከ25 ዓመት በላይ ተጫውታለች። ሂንጊስ በ16 ዓመቷ፣ በ1997፣ በአንድ ዓመት ሦስት ግራንድ ስላም ወስዳ በ22 ዓመቷ፣ ቁርጭምጭሚቷ አላስኬድ ብሏት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰናበቷን አስታወቀች። ከሁለቱ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

በ2019 ኮኮ ጎፍ በ15 ዓመቷ ዊምብልደን ላይ ያችኑ ቪነስን 6-4፣ 6-4 ስታሸንፍ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ሮጀር ፌደረር ሳይቀር ደንቡ ላላ እንዲል እንደሚሻ ተናገረ፤ ልጅቷ ችላለች፣ ለምን ትታገዳለች? ደንቡን የሚደግፉት ደግሞ ሲመልሱ የሚጠቅሱት አንድ ነገር ነው። ከደንቡ በኋላ የተጫዋቾች የሙያ ዘመን ረዝሟል፤ በ20 እና በ21 ዓመት ተሰብረው የሚወጡት ቀንሰዋል። ይህ እውነት ነው፣ መልካምም ነው። በዚህ ስፖርት ትሬሲ ኦስቲን በ1979 በ16 ዓመቷ ዩኤስ ኦፕንን ወስዳ ከጥቂት ዓመት በኋላ በጀርባ ሕመም ቆማለች፤ አንድሪያ ጄገርም በ14 ዓመቷ ጀምራ 20 ሳይሞላት ትከሻዋ አስቁሟታል።

ግን የክርክሩን ሁለት ወገኖች አስተውሉ። አንደኛው «አሁን ታሸንፋለችና ትጫወት» ይላል፤ ሌላው «ብትቆይ ብዙ ዓመት ታሸንፋለች» ይላል። ልጅነትን የሚጠብቀው ሰው እንኳ የሚጠብቅበትን ምክንያት የሚያገኘው ከሙያው ርዝመት ነው። ጎፍ በ2023፣ በ19 ዓመቷ፣ ዩኤስ ኦፕንን ስታሸንፍ የደንቡ ትክክለኛነት ማስረጃ አድርገው ያቀረቧት ነበሩ። ባታሸንፍስ? በ17 ዓመቷ ራኬቷን ሰቅላ ሌላ ነገር ብትማርስ? የ15 ዓመቷ ልጅ በቤቷ ያሳለፈችው፣ ያልተወዳደረችበት ሳምንት ባክኖ ነበር ማለት ነው? እኔ ደንቡን እደግፋለሁ፤ የምደግፈው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የ14 ዓመት ልጅ አንድ ተራ ማክሰኞ የሷ ነው፤ ለ24 ዓመቷ ሴት የተቀመጠ ስንቅ ስለሆነ አይደለም የሚከበረው። የሙያ ዘመኗ በአንድ ቀን እንኳ ባይረዝም ያ ማክሰኞ ሊጠበቅላት ይገባ ነበር።

ደንቡ የሚችለውን ይቆጥራል፤ ውድድር ይቆጠራልና። የልምምድ ሰዓት፣ የስፖንሰር ውል፣ በምሳ ሰዓት ቤተሰብ መካከል የሚነሣ ወሬ በደንብ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። 14 ዓመት ከመሙላቱ በፊት ባለው ዘመን ደንቡ የሚከለክለው ፕሮፌሽናል ውድድርን ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ልጁን የሚጠብቀው ከአጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ሜዳው ዳር ቆሞ ኳስ የሚያቀብል አባት፣ ሻንጣ የሚያዘጋጅ እናት፣ ደብዳቤ የሚልክ ወኪል። የእኛም አገር አሰልጣኝ የ14 ዓመት ልጅ ከሌሎቹ ጥላ ስትሄድ ሲያይ የሚያስበው ነገር እዚሁ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ምን እንደሆነ እሱ ራሱ ያውቃል።

ካፕሪያቲ ራሷ አንድ ጊዜ ይህን ጥያቄ በአደባባይ ለማስቆም ሞክራለች። በ1999 ዩኤስ ኦፕን፣ 23 ዓመቷ ሳለ፣ በሴሌስ ከተሸነፈች በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጣ የተጻፈ ወረቀት አነበበች። ስለ ልጅነቷ የሚቀርበው ጥያቄ እንዲያበቃ፣ አሁን ስላለችበት እንዲያናግሯት ለመነች። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄም ስለዚያው ነበር፤ አለቀሰች። እኔ በዚያ ወረቀት ውስጥ የማየው ሴት ያለፈ ታሪኳን የምትክድ አይደለችም። የ17 ዓመቷን ልጅ ለማንም ማብራሪያ ከመሆን፣ ለማንም ትምህርት ከመሆን ልታድናት ትሞክር ነበር። ከ16 ወር በኋላ ሜልቦርን ላይ ስታሸንፍ ያ ልመና የባሰ ተረሳ፤ አሁን ታሪኩ ጥሩ መጨረሻ አገኘ ተባለ፣ ጥሩ መጨረሻ ያለው ታሪክ ደግሞ መጀመሪያውን ሁሉ ይውጣል።

በ24 ዓመቷ ያገኘችው ዋንጫ የ24 ዓመቷ ሴት ነው። በ18 ዓመቷ ለተነሣችው ፎቶግራፍ አይከፍልም፤ ያ ኀዘን ሳይከፈል ቆሟል፣ መቆምም አለበት። ይህ ግን በሌላ በኩልም ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኼኛው ነው። የ1993 እና የ1994 ነገር ከመጣ በኋላ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ለውድቀት መንደርደሪያ ተደርገው ተነበቡ። የዚያች ልጅ ሳቅ ሳይቀር የአደጋ ምልክት ሆነ። እንዲህ ስናደርግ ለሁለተኛ ጊዜ እንነጥቃታለን። ኒው ዮርክ ላይ ከሴሌስ ጋር የተጫወተችው ሰዓት በኋላ በመጣው አልተበላሸም፤ ባርሴሎና ላይ ግራፍን ስታሸንፍ የነበራት ደስታ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሐሰት አልሆነም።

ትከሻዋ በ2004 መጨረሻ አስቆማት፤ 28 ዓመቷ ነበር። በ2012 በቴኒስ የዝና አዳራሽ ስሟ ተመዘገበ። የግጥሚያዎቿ መዝገብ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ይይዛል፤ ቀን፣ ቦታ፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት። የ1990 መስመሮች ከ2001 መስመሮች አይደምቁም፣ አያንሱምም፤ አንዱ መስመር ለሌላው ሲል አልተጻፈም። የሕይወት ታሪኳን ደግሞ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ እንዲህ ያለ ምዕራፍ ቢጽፍ እወዳለሁ፤ 15 ዓመቷ ላይ ጀምሮ 15 ዓመቷ ላይ የሚያልቅ፣ ስለ 17 አንድም ቃል የሌለበት።